የመመለሻ ዋስ

ሙሴ ካራቤድ ደብረ ማርቆስ የመጡት አንድ የወፍጮ ሞተር ተክለው በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ሊመለሱ ነበር። አንዱን ሲተክሉ የሉማሜው ይበላሻል፤ የሉማሜውን ሲጠግኑ ከደምበጫ ሰው ይላክባቸዋል። እንዲህ ሲሉ ሃያ አራት ዓመት ሞላቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ሰባት ሲደርስ ዓይናቸው ደከመና መፍቻቸውን አስቀመጡ። አገሬው አርመንነታቸውን ያውቃል፤ ቢሆንም የሚቆጥራቸው ከወፍጮ ቤቱ ጋር እንደተሠራ ነገር ነው።

በመስከረም 1958 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ደብዳቤ መጣላቸው። የጻፈችው ታናሽ እኅታቸው ሲራኑሽ ናት። ከልጆቿና ከልጅ ልጆቿ ጋር ጠቅልላ ወደ አውስትራሊያ ልትሄድ ነው። መርከቡ ጥቅምት 13 ጅቡቲ ገብቶ አንድ ቀን ይቆማል። «ብትችል ና። ከዚህ በኋላ የምንገናኝበት መንገድ የለም» ይላል ደብዳቤው። ሙሴ ካራቤድ ሁለቴ አነበቡት፤ ከዚያ ኮታቸውን ለበሱና የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ሄዱ።

ቢሮው ውስጥ ያለው ጸሐፊ አቶ አድማሴ ይባላል፤ ወረቀት የሚያከብር ወጣት ነው። ከአገር መውጣቱ ቀላል እንደሆነ፣ ተመልሶ ለመግባት ግን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ነገራቸውና ቅጹን መሙላት ጀመረ።

«ሥራ?»

«ጡረታ።»

«ጡረታ ሥራ አይደለም።»

«አዎ፣ አይደለም» አሉ ሙሴ ካራቤድ።

አድማሴ ብዕሩን አስቀመጠ። «ነገሩ እንዲህ ነው። መምህር ቢሄድ ወደ ተማሪው ይመለሳል። ነጋዴ ቢሄድ ወደ ሱቁ ይመለሳል። እርስዎን ምን ይመልስዎታል?»

«ቤቴ እዚህ ነው።»

«ቤቱ የኪራይ ነው።»

«ሃያ አራት ዓመት ኖሬበታለሁ።»

«እሱን የምጽፍበት መስመር ቅጹ ላይ የለም» አለ አድማሴ፤ ከልቡ አዝኖ ነው። «ዋስ ያምጡ። በስሙ ቤትና መሬት ያለው፣ እስከ ተወሰነው ቀን ይመለሳሉ ብሎ የሚፈርም። ካልተመለሱ እሱ ይጠየቃል።»

ሙሴ ካራቤድ በማግስቱ ወዳጃቸውን አብዱልዋሂድን ይዘው መጡ። አብዱልዋሂድ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ማታ ማታ አብረው ዳማ ይጫወታሉ። ደስ ብሎት ሊፈርም ተቀመጠ። ነገር ግን ሱቁም ቤቱም የኪራይ ሆኖ ተገኘ። «በኪራይ ያለ ሰው በኪራይ ላለ ሰው ዋስ አይሆንም» አለ አድማሴ። አብዱልዋሂድ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ሱቁ ሄደ። ሙሴ ካራቤድ ከቢሮው በር አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሩ፤ በከተማው ውስጥ መሬት ያለውን የሚያውቁትን ሰው ሁሉ በልባቸው መጥራት ጀመሩ። የሚያውቁት ሰው ብዙ ነው። የሁሉንም ሞተር ያውቃሉ፤ ለአንዳቸውም ግን «ልመለስ ነውና ዋስ ሁነኝ» የሚሉበት አፍ አላገኙም።

እዚያው እንደተቀመጡ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ነጠላቸውን አደግድገው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ዘንግ ይዘው ደረሱ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ጎረቤታቸው ናቸው። ባላጋራቸውም ናቸው። የሙሴ ካራቤድ ጣሪያ አሸንዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃውን ጓሮዬ እየደፋ ጌሾዬን አደረቀብኝ ብለው ከከሰሱ ሁለት ዓመት አልፏል። ቀጠሮው ጥቅምት 24 ነው።

«እኒህ ሰውዬ ከአገር ሊወጡ ነው አሉ» አሉ፤ ዓይናቸው አድማሴ ላይ ነው።

«ዋስ ካገኙ።»

«ክርክር እያለባቸው?»

«ክርክሩ አያግዳቸውም። የሚያግዳቸው ዋስ ማጣታቸው ነው።»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ሙሴ ካራቤድ አዞሩ። «የት ነው የሚሄዱት?»

«ጅቡቲ። እኅቴ በመርከብ ታልፋለች።»

«ካዩዋት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሠላሳ አራት ዓመት።»

«ታላቅዎ ናት?»

«ታናሼ ናት።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ፈትተው እንደገና አደገደጉ። «እኔን ጻፈኝ» አሉ አድማሴን።

«ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ ሲሆን አይቼ አላውቅም።»

«ሕጉ ይከለክላል?»

አድማሴ መዝገቡን አውርዶ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈለገ። አይከለክልም። «ምክንያትዎን ምን ልበል?»

«ፍርዴን ሳላገኝ ሰውየው ከአገር እንዲቀሩ አልፈልግም በል። እኔን ያህል መመለሳቸውን የሚፈልግ ሰው ካለ ይምጣ።»

አድማሴ እንደ ቃላቸው ጻፈ። ፈቃዱ ከጥቅምት 3 እስከ ጥቅምት 17 ሆነ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ሙሴ ካራቤድ በሩ ላይ ሊያመሰግኗቸው ሲጠጉ፣ «አሸንዳውን እንዳይነኩት፤ ዳኛ መጥቶ ያየዋል» ብለዋቸው ሄዱ።

ሙሴ ካራቤድ በአውቶቡስ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በባቡር ጅቡቲ ገቡ። ጥቅምት 13 መርከብ የለም። ፖርት ሱዳን ላይ ሞተሩ ተበላሽቷል አሏቸው። ምን ዓይነት ሞተር እንደሆነ ጠየቁ፤ የሚያውቅ አልነበረም። ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስትም እንዲሁ አለፈ። ዐሥራ ስድስት ላይ የወደብ ሰው «ነገ ጠዋት ይገባል» አላቸው። በቀኑ ለመመለስ የዚያን ዕለት ባቡር መያዝ ነበረባቸው፤ ቀጣዩ ባቡር የሚነሣው ዐሥራ ስምንት ላይ ነው።

ሻንጣቸውን ይዘው ጣቢያው ሄዱና ባቡሩ ፊት ተቀመጡ። ያቺ የአውራ ጣት አሻራ ያረፈችበት የዋስትና ወረቀት በኪሳቸው ናት። በሕይወታቸው ቃል አጥፈው አያውቁም፤ አሁን ደግሞ የሚጠየቁት እሳቸው ሳይሆኑ ሌላ ሰው ናቸው። ጌሾው ትዝ አላቸው። እውነቱን ለመናገር አሸንዳቸው አድርቆታል፤ ይህን ለዳኛው አልተናገሩም። ባቡሩ ጮኾ ተነሣ። ሙሴ ካራቤድ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

ሲራኑሽ በማግስቱ በጠዋት ከመርከቡ ወረደች፤ ወፍራ፣ ጸጉሯ ነጭ ሆኖ። ወደቡ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጠው እስኪመሽ አወሩ። ሙሴ ካራቤድ አርመንኛው ጠፋባቸው፤ በየመሐሉ «እሺ» ይላሉ፣ «እኮ» ይላሉ።

«እሺ ምንድን ነው?» አለች።

ሊተረጉሙላት ሞከሩ፤ አልሆነም።

«እዚያ ማን አለህ?» አለች በኋላ። «ልጄ ወረቀት ይልክልሃል። ና ከእኛ ጋር።»

«ቀጠሮ አለኝ።»

«ከሐኪም?»

«ከፍርድ ቤት።»

ሲራኑሽ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ሙሴ ካራቤድ እጇን ይዘው ቆዩ። መርከቡ ሲጠራ ሸኟት፤ መብራቱ እስኪጠፋ ቆመው አዩ።

ደወሌ ላይ የድንበሩ ሹም ወረቀቱን አየና «ትናንት አልቋል» አለ።

«መርከቡ ዘገየ።»

«ስለ መርከብ እዚህ አልተጻፈም።»

የዋስትናውን ወረቀት ሰጡት። ሹሙ ሁለቴ አነበበው። «ክርክሩ በምንድን ነው?»

«በአሸንዳ።»

«ከሳሽ እርስዎ ነዎት?»

«ተከሳሽ ነኝ።»

«ዋሷስ?»

«ከሳሽ።»

ሹሙ ባልደረባውን ጠርቶ አስነበበው። ጥቂት ተነጋገሩ። «አባቴ በእርሻ ድንበር ዐሥራ አንድ ዓመት ተሟግተዋል» አለ ሹሙ ተመልሶ፤ «ታመው እንኳ ቀጠሮ አልቀሩም።» ከዚያ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ዳኛ ፊት የሚቀርቡ ስለሆነ ይግቡ» ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት።

ጥቅምት 22 ዋሷና ሙሴ ካራቤድ ዋስትናውን ሊያወርዱ አድማሴ ዘንድ ቀረቡ። አድማሴ ቀኑን ቆጠረ። «አንድ ቀን አሳልፈዋል።»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ዞር አሉ። «አሳለፉ?»

«መርከቡ ዘገየ። ጠበቅኋት» አሉ ሙሴ ካራቤድ።

«አገኟት?»

«አገኘኋት።»

ሴትዮዋ ወደ አድማሴ ተመለሱ። «ያቺን ቀን በእኔ ጻፋት።»

«የምትጻፍበት መስመር የለም» አለ አድማሴ። ትንሽ አሰበና መዝገቡን ዘጋው።

በክርክሩ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ረቱ። ሙሴ ካራቤድ ዳኛው ሲጠይቋቸው ጌሾውን ያደረቀው የእኔ ውሃ ነው አሉ፤ በዚያው ሳምንት መሰላል አቁመው አሸንዳውን ወደ መንገዱ አዞሩት። አብዱልዋሂድ ይግባኝ ማለት ይችሉ እንደነበር ነገራቸው። እሳቸው ግን የዳማ ጠጠራቸውን አንቀሳቅሰው «ተራህ ነው» አሉት።

በሚያዝያ ከአውስትራሊያ ፎቶግራፍ መጣ፤ ሲራኑሽ በልጅ ልጆቿ መካከል ቆማለች። ሙሴ ካራቤድ ይዘውት ወደ ጎረቤታቸው በር ሄዱ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ወደ ብርሃኑ አዙረው ረዥም ጊዜ ተመለከቱት።

«ጆሮዋ የእርስዎ ነው» አሉ።