የጋሼ እንቅርት

ከስድስት ዓመት በፊት የመጡልን በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች በአምስት ቀን ሰባ ሰው ቀደው፣ ቲሸርት አድለውን፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። አውሮፕላናቸው ገና ሳያርፍ፣ እንቅርት ካወጡላቸው ሴቶች አንዷ አንገቷ ደም ቋጥሮ ትንፋሽ ሲያጥራት ስፌቱን የፈታሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ፤ መቀስ አቀባይ። ሴትዮዋ በፈጣሪ ቸርነት ተረፈች፣ እነሱም በወሩ "ሰባ ሕይወት ቀየርን" የሚል መጽሔት ላኩልን። ሽፋኑ ላይ ያለችው እሷው ነበረች።

በዚያ ንዴት ተቀምጬ ሕግ ጻፍኩ፤ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬም ተርጉሜ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ሕመምተኛው ሳይፈቅድ ፎቶ የለም። ሰው በስሙ ይጠራል እንጂ "ያ እንቅርት" አይባልም። ቢላውን የኛ ሐኪም ይይዛል፣ እንግዳው ከጎኑ ቆሞ ያግዛል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ደግሞ እንግዳ ለእገዛም ቢሆን አዲስ ቀዶ ሕክምና ላይ አይቆምም፤ እጁ ያለበትን ቁስል ሳያይ ሻንጣውን የሚዘጋ ሐኪም እኔ ዘንድ ሥራ የለውም። ሥራ አስኪያጁ "እንግዳ ይቀየማል" አለኝ። ይቀየማ።

ዘንድሮ የመጡትን የምትመራው አንዲት ሸበቶ ሴት ናት፤ በሩን ጎንበስ ብላ ስለምትገባ ረጅሟ አልናት። ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበችና እስክሪብቶ ጠየቀች። አሁን ልታርመኝ ነው ብዬ እጅጌዬን ስሰበስብ፣ ከሥሩ ፈረመችበት። እውነቱን ልናገር፣ ለጠብ ተዘጋጅቼ ስለነበር ቅር አለኝ።

የኛ ሐኪም እንግዲህ ልጁ ነው። ቀዶ ሕክምና የተማረ ዶክተር ነው፣ ግን ጢም አልበቀለለትምና ልጁ እንለዋለን፤ ሕመምተኞቹም አልጋቸው ድረስ ሄዶ መርምሯቸው ሲያበቃ "ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው?" ይሉታል። በዚያ ሳምንት ዘጠኝ እንቅርት በራሱ እጅ አወጣ። ረጅሟ ከፊት ለፊቱ ቆማ ደም ትጠርጋለች፣ ሲጠይቃት ብቻ ትመልሳለች። ከእንግዶቹ አንዱ ጎረምሳ "እኔ ላፋጥነው" ብሎ እጁን ወደ ቢላው ሲሰድ በመቆንጠጫ ጀርባ ጣቱን ቸብ አደረግኩት። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ለልጁ ክብር ከሰው ጋር ስጣላ ከረምኩ።

ሐሙስ ዕለት፣ እንግዶቹ ቀዶ ሕክምና ላይ የማይቆሙበት ቀን በጀመረበት ሰዓት፣ ጋሼ ከተፍ አለ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። ደላላ ነው፤ የፈረሰ ቤት በምላሱ ግድግዳ አቁሞ ይሸጣል። አሥራ ሁለት ዓመት እንቅርቱን እንዲያሳይ ስለምነው "እናንተ ዘንድ ሰው እየሳቀ ገብቶ እየተጎተተ ነው የሚወጣው" ሲለኝ ኖሯል። አሁን ግን በጀርባው መተኛት አቅቶት ወንበር ላይ ማንቀላፋት ከጀመረ ወር ሆኖታል። ደረጃውን ወጥቶ እስኪጨርስ አፉን ከፍቶ ያቃስት ነበር።

"ፈረንጅ መጥታለች ሲሉ ሰማሁ" አለኝ። "ሴት ናት አሉ። ግዴለም፣ ፈረንጅ እስከሆነች ድረስ።"

ልጁ መረመረው፣ ራጅም አስነሣው። "የአየር ቧንቧዎን ወደ ጎን ገፍቶታል፤ ብዙ የሚያቆይ አይደለም" አለው። "ሰኞ እሠራልዎታለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ ከእንቅርቱ ጀርባ የድምፅ ነርቭ ያልፋል። ከተነካ ድምፅዎ ሊሰልል ይችላል።"

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። "ይሄ ጩጬ? በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ሕመሜ ሳያንስ ልጅ ሊማርብኝ።"

መቆጣት ነበረብኝ። ሌላ ሰው ቢናገረው አፉን አስይዘው ነበር። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ረጅሟ ዘንድ ሄድኩ፤ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ካልሲ እያጠፈች አገኘኋት።

"ነገ ጠዋት አንድ ሰው ብቻ ሥሪልኝ" አልኳት። "ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔው አነሣዋለሁ።"

"ዶክተሩ ሰኞ ይሠራው የለ?" አለች። "ዘጠኙን እንዴት እንደሠራ አብረን አይተናል።"

"አይቻለሁ። ጎበዝ ነው። ግን ይሄኛው ወንድሜ ነው።"

ካልሲዋን እንደያዘች ከትከሻዬ በላይ አየች። ዞር ስል ልጁ የጋሼን ካርድ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ፤ መሬት ደግሞ በተፈለገች ሰዓት ሥራ ላይ አትገኝም።

"ሕጉ ጥሩ ነው፤ ፈርሜበታለሁ" አለችና ረጅሟ ወደ ካልሲዋ ተመለሰች።

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሲስተር፣ ሰኞ ሌላ ሰው እንዲያቀብለኝ ከፈለጉ ይገባኛል።" እርስዎ ነው የሚለኝ፤ ያኔም አልተወውም። "እኔ ነኝ የማቀብለው" አልኩት። ይቅርታ ልለው ፈልጌ ከአፌ የወጣው ይሄው ብቻ ነው።

ቅዳሜ እንግዶቹ ሄዱ። እሑድ ልጁ ጋሼ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ፣ ጉሮሮ ወረቀት ላይ እየሣለ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳው። ጋሼ ቤት የሚያሻሽጥ ይመስል ሲከራከር ቆይቶ፣ ትንፋሹ ሲያልቅበት ፈረመ።

ሰኞ፣ በሃያ ሦስት ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልጠየቅ መሣሪያ አቀበልኩ። ልጁ ግን አልቸኮለም። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለና "ሲስተር፣ ይመልከቱት" አለኝ። ከእንቅርቱ ሥር ነጭ ክር የምታህል ነገር አለች፤ ጋሼ አራት ልጅ ያሳደገባት ድምፅ እሷ ናት። ሁለት ሰዓት ሙሉ በዙሪያዋ ሠራ፤ አልነካትም።

ሲነቃ ሁላችንም ከበብነው። እንቅርት የወጣለት ሰው አንድ ቃል እስኪናገር ድረስ የሚስቅ የለም። "እስቲ አንድ ነገር ይበሉኝ" አለው ልጁ ጎንበስ ብሎ።

ጋሼ ዓይኑን በግማሽ ከፈተ። "ፈረንጇ ተመልሳ መጣች አይደል?" አለ፣ በዚያ ቤት በሚሸጥበት ጥርት ያለ ድምፁ። "ድሮስ፣ ይሄማ የዚያ ጩጬ እጅ አይደለም።"

ማደንዘዣ ሰጪው ወለሉን አየ። ልጁ ካርዱ ላይ "ድምፅ ደህና" ብሎ ጻፈ።

"ዶክተር፣ መድኃኒቱ ነው፤ የሚለውን አያውቅም" አልኩት።

"ያለውን አልሰማሁም፣ ሲስተር። ድምፁን ነው የሰማሁት" ብሎ ኮፍያውን አውልቆ ወጣ።

እኔ ግን ያለውን ሰምቻለሁ። እኔው ሐሙስ ዕለት ያልኩትን ነው ያለው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ስፌቱ እንዳይሳብ አፉን እንዲዘጋ አዘዝኩትና፣ አንገቱን የከፈተው ማን እንደሆነ፣ እኔም ከዚያ እጅ ላስጥለው ማንን እንደለመንኩ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከረኝ ሰማኝ። ስጨርስ "ጥሪልኝ" አለኝ። ልጠራው ተነሣሁ፤ ግን ከጋሼ በፊት የምለው ያለኝ እኔ ነበርኩ።