ሰባተኛው ዜማ

ዋሽንት ይዞ አገር ለአገር የሚዞር ሰው አላምንም። ሥራ ያለው ሰው መች ይዞራል? ይሄኛው ስሙን ዘሚካኤል አለ፤ ከጎጃም ተነስቼ በየደረስኩበት እጫወታለሁ፣ የሰማሁትንም እጽፋለሁ አለ። ወርቂቱ አርባ ምንጭ ገበያ ላይ አግኝታው ነው “ለሙታን ቀናችን ይጫወትልን” ብላ ያመጣችው። እሷ ሰው ታምናለች። ሐይቁ ልጇን ወስዶባት እንኳ ታምናለች።

ከላንቴ ዳርቻ በጀልባዬ ወደ ደሴታችን ስናቋርጥ ጥያቄው አላልቅ አለኝ።

“ጋሽ ዳልጮ፣ ይህች ጀልባ ስንት ሰው ትይዛለች?”

“ስድስት።”

“ከዚያ በላይ ጭነው አያውቁም?”

“አንተ ምን አገባህ?”

ሳቀና ከኪሱ ደብተር አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ልቤ ድንግጥ አለ።

ምክንያቱን ልናገር፤ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ጀልባዬን ገለበጣት። ስድስት ተሳፋሪ ሞተ፤ እኔ ባዶ ጀሪካን አቅፌ ተረፍኩ። ይህን ደሴቱ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው፣ የሞቱት ሰባት መሆናቸውን ነው። ከላንቴ ልንነሳ ስንል አንድ የዶርዜ ሸማኔ የጋቢ ጥቅል ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። ሞልቷል ማለት ነበረብኝ። ግባ አልኩት። የስድስቱ አስከሬን ተገኘ፤ የእሱን ግን ሐይቁ አልመለሰም። መርማሪው ስንት ነበራችሁ ሲለኝ ከእኔ ሌላ ስድስት አልኩ። መታሰሩን ፈርቼ ነው። ከመታሰሩ ይልቅ ደግሞ ወርቂቱ “ልጄን የገደልከው አንተ ነህ” እንዳትለኝ ፈርቼ።

እና ይሄ ዋሽንተኛ የሸማኔው ወንድም ቢሆንስ? ጎጃሜ ነኝ ያለው ሊያዘናጋኝ ቢሆንስ? ትከሻው ላይ የጣለው ጋቢ የዶርዜ ነው። የዶርዜ ጋቢ የማይለብስ ማን አለ ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል፤ የፈራ ሰው ግን እንደዚያ አያስብም።

ምሳ ላይ ወርቂቱ ያቀረበችውን ዓሣ እየበላ ጠጋ አለኝ። “ከዚያ ጀልባ የተረፉት እርስዎ ብቻ ነዎት አይደል?”

“ማን ነገረህ?”

“ወርቂቱ ናት። ብዙ ነገር ነገረችኝ።”

ብዙ ነገር! የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም፤ እሱም ቀና ባልኩ ቁጥር ያየኛል።

በደሴታችን ወግ፣ በሙታን ቀን ውሃ ለወሰደው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መቅዘፊያ ውሃው ዳር አሸዋ ላይ ይተከላል። ስሙ ይጠራል፣ ከስሙ በኋላ አጭር ዜማ ይነፋለታል። ዜማ ያለ ስም አይነፋም፤ ከተነፋ ውሃ ውስጥ ያልተጠራ ሰው አለ ማለት ነው። ወንጌላዊ ታዴዎስ ድሮ “ይሄ የአሮጌዎች ነገር ነው” ይል ነበር፤ ዛሬ ስሞቹን ከወረቀት የሚያነበው እሱ ራሱ ነው።

አነበበ። ዘሚካኤል ነፋ። እውነቱን ልናገር፣ ሲነፋ ጎበዝ ነው። የወርቂቱ ልጅ የአሞጽ ስም ሲጠራ እሷ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ስድስት ስም፣ ስድስት ዜማ፤ አለቀ። ተመስገን ብዬ ልተነፍስ ስል ሰውየው ዋሽንቱን እንደገና ወደ አፉ አነሳ።

ሰባተኛውን ነፋ።

ሕዝቡ እርስ በርስ ተያየ። ታዴዎስ ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው። “ይሄ የማን ነው?” ሲል ጠየቀ።

ዘሚካኤል ዋሽንቱን አወረደና ወደ እኔ ዞረ። አፉን ሊከፍት ነው። ኃጥእ ማንም ሳያሳድደው ይሸሻል ይላል መጽሐፉ፤ እኔ ወዴት ልሽሽ፣ ዙሪያዬን ውሃ ነው።

“የሸማኔው ነው!” ብዬ ጮህኩ። “አዎ፣ ሰባት ነበሩ! ሞልቶ ሳለ ያሳፈርኩት እኔ ነኝ! ወንድምህ ከሆነ ና፣ ምታኝ!”

እንግዳው ዋሽንቱን ብብቱ ስር ሸጎጠ። “የምን ሸማኔ፣ ጋሽ ዳልጮ?” አለ ቀስ ብሎ። “እኔ ወጋችሁን አላወቅሁም፤ ይቅርታ። እንዲህ ያለ ቦታ ስጫወት የመጨረሻዋን ዜማ ለተረፈ ሰው ነው የምነፋው። ወርቂቱ ‘ዳልጮ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለውም’ ስትለኝ አዘንኩልዎት። ለእርስዎ ነበር።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሰደበኝ የለም። ወርቂቱ መጥታ ፊቴ ቆመች፤ በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

“ስሙ ማነው?” አለች።

“ካሱ። ሲገባ ጠይቄው ነበር።”

“እናት አለችው?”

“አለችኝ ብሏል። ስመለስ ዓሣ እወስድላታለሁ ሲል ነበር።”

ታዴዎስ እስክሪብቶ አውጥቶ ስሙን ሊጽፍ ሲል ወርቂቱ እጁን ያዘችው። “ተው! እናቱ ሳትሰማ እኛ አንጠራውም።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “እኔ አሞጽን ቀበርኩት፣ አለቀስኩ። ያቺ ሴት ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ውሻ በጮኸ ቁጥር ከቤቷ ትወጣለች። ነገ ዶርዜ ሄደህ መርዶውን አንተው ትነግራታለህ።”

“እሺ” አልኩ።

“ቆማ እንዳትሰማው” አለችኝ ወርቂቱ። “መጀመሪያ አስቀምጣት።”