የኔብራስካው መጋረጃ

ጄኔራል ዊላርድ ኦስትለር ከቢሮው እስከ ቤቱ ያለችውን አጭር መንገድ እግሩን እየጎተተ ጨረሳት። ጉልበቱ ኮሪያ ላይ ከተመታ ወዲህ ደህና ሆኖ አያውቅም፤ ዛሬ ግን የከበደው ጉልበቱ አልነበረም። ከዋሽንግተን ደውለውለታል። አራተኛ የማዕረግ ኮከብ ሊሰጡት፣ ጀርመን ሊልኩት ነው፤ እስከ ማታ አስብበት ብለውታል። ሰውዬው ደግሞ ለሚስቱ «በዚህ በጋ ጡረታ እወጣለሁ» ብሎ ከማለ ገና ሳምንቱ ነው።

ሚስቱ ቬርና ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጣ የመጋረጃ ጫፍ ትዘመዝማለች። መቼም የወታደር ሚስት ሁሉ አንድ ሳጥን አላት። በየጦር ሰፈሩ የሚሰጣቸው ቤት መስኮቱ አንዱ ካንዱ አይገጥምም፤ ለአንዱ የተሰፋው ለሌላው ወይ ያጥራል ወይ ወለል ይጠርጋል። ቢሆንም አይጣልም፣ «ለሚቀጥለው ይሆናል» ተብሎ ይታጨቃል። ኧረ ወዲያ፣ ሆኖም አያውቅ! የቬርና ሳጥን የጆርጂያን፣ የአላስካን፣ የሐዋይን መጋረጃ ውጦ ክዳኑ አልገጥም ብሏል። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ለጡረታቸው ኔብራስካ የገዙትን የራሳቸውን ቤት መስኮት በገዛ እጇ ለክታ ነው የምትሰፋው።

«አመሸህ፤ ሾርባው ቀዝቅዟል» አለች ቀና ሳትል።

«ቬርና…»

«እንዲህ ብለህ ስትጠራኝ ሆዴ ይፈራል። ደግሞ የት ሊሰዱን ነው?»

ቀልዷን ነበር። እሱ አልሳቀም፤ እሷም መርፌዋን አቆመች።

ነገራት። ምነው በጮኸችበት! መጋረጃውን አጣጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ክዳኑን በጉልበቷ እየተጫነች፣

«ኮከቡስ ይገባሃል» አለች። «የጀርመኑ ቤት መስኮቱ ረጅም ይሆን?»

ይቺ ጥያቄ አንጀቱን በላችው። ስንት ጊዜ ጠይቃዋለች! ስንት ጊዜስ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ስንደርስ እናያለን» ብሏታል! ሰልፉም፣ ኮከቡም፣ የገዛ ድምፁም ሰለቸው።

ስልኩን አነሳ። «ኦስትለር ነኝ። አልሄድም፤ ጡረታዬን እፈልጋለሁ።»

ከወዲያ ያለው ኮሎኔል ቅር እንኳ አላለውም። «እሺ ጌታዬ። ከእርስዎ ቀጥሎ የታሰቡት ሰው መልስ እየጠበቁ ነው፣ እነግራቸዋለሁ። ደህና ያምሹ።»

አለቀ። ዕድሜውን የሰጠው ሠራዊት አንዴ እንኳ «እባክዎ» አላለውም። ተናደደ። ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ፤ ለካ እንዲለምኑት ጠብቆ ነበር።

«ለእኔ ብለህ ከሆነ ኋላ እንዳታኮርፍብኝ» አለች ቬርና። «አኩራፊ ጡረተኛ ይዤ ኔብራስካ አልገባም!»

«ማኩረፉንስ አኮርፋለሁ። ትንሽ ቀን ቻይኝ።»

ሳቀች፤ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። መጋረጃውን መልሳ አወጣችና «በል ጫፉን ያዝልኝ፣ ልየው» አለችው።

ያዘላት።

«ገልብጠኸዋል!»

«እንዴ፣ ከተጋባን ጀምሮ መጋረጃ ስሰቅል አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«መቼ ቤት ነበርክና» አለችው።

ጫፉን አዙሮ ያዘው።