መርፌ የሚከለክለው ቅጠል

በብርጭቆው ሳህን ላይ፣ የአባቷ ቅጠል ጭማቂ በተነከረበት ወረቀት ዙሪያ ጀርሙ እንደ ልቡ ተንሰራፍቷል። ፔኒሲሊን በነካው ወረቀት ዙሪያ ግን አንድም የለም። የሺዓለም ሳህኑን ወደ መስኮቱ አዘንብላ እንደገና አየችው። በናዝሬቱ ሐኪም ቤት ላቦራቶሪ «ጓድ የሺዓለም» እያሉ የሚያከብሯት፣ ያላየችውን አየሁ ስለማትል ነው።

ቅጠሉን ቀጥቅጠው የሰጧት አባቷ፣ የባህል ሐኪሙ አቶ መርዳሳ ራሳቸው ናቸው። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ሲኮሩም ያምርባቸዋል። መመርመሩን አልፈሩም። ችግሩ ግን ሌላ ነበር። የእሳቸውን ቅጠል ያሰረ ሰው መርፌ አይወጋም፤ ከአያታቸው የወረደ ክልከላ ነው። ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ገጀራ እግሩን የመታው ጉደታም ይህንኑ አክብሮ፣ ቁስሉ እያመረቀዘ፣ በትኩሳት እየነደደ፣ የፔኒሲሊን መርፌውን እምቢ ብሎ እዚሁ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ሳህኑ ላይ ያለው ጀርም የተወሰደው ከእሱ ቁስል ነው።

አቶ መርዳሳ ግቢው ውስጥ ከግራሩ ሥር ተቀምጠው ይጠብቋታል።

«ዱጋ ንገሪኝ፣ ልጄ። እውነቱን።»

«አባዬ፣ ለሌላው በሽታ ይሥራ አይሥራ ገና አላየሁም። ይሄን ጀርም ግን አይገድልም። ጉደታ መርፌውን ካልተወጋ ይሞታል።»

«አልተሳሳትሽም?»

«ምነው በተሳሳትኩ!»

ሽማግሌውን ፍለጋ ከሁሩታ ድረስ ሰው የሚመጣው በዚህ ቅጠል ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱና ወደ ሕሙማኑ ክፍል ገቡ። አስታማሚዎቹ ሁሉ ብድግ ብለው ተቀበሏቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው በጉደታ እግር ላይ ያለውን ቅጠል በገዛ እጃቸው ፈቱ።

«ክልከላውን አንስቻለሁ። መርፌውን ተወጋ።»

«አባ መርዳሳ፣ የአያትዎን ቃል እንዴት . . .» አለ ጉደታ።

«አያቴ የሚያክሙት ሰው እንዲድን ነበር።» ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ቅጠሌ ይሄን አይችልም። ልጄ መርምራ አይታዋለች።»

በሩ ላይ የቆመችው የሺዓለም እንደዛሬ ኮርታባቸው አታውቅም፤ እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች።

ጉደታ ሽማግሌውን ትክ ብሎ ሲያያቸው ቆየና ቀስ ብሎ በጎኑ ዞረ። መርፌው ሲገባ ዓይኑን ጨፈነ። አቶ መርዳሳ ግን ትከሻውን እንደያዙ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ መድኃኒቱ ከስሪንጁ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ድረስ አዩት።