የክሩ ጭራ

የትናየት የጠርዝ መዘምዘሚያ መኪናዋን፣ ኦቨርሎኳን፣ ይዛ ሰቆጣ ከገባች ሦስት ወር ሆናት። ኮምቦልቻ፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ አራት ዓመት ጠርዝ ስትዘመዝም የኖረች ናት። ባሏ ኪዳኑ ሳዑዲ ሲሄድ «አባቴ ዘንድ ሆነሽ ሥሪ» ብሎ ላካት። አባቱ ቄስ አሥራተ ማርያም ከቅዳሴ መልስ በረንዳቸው ላይ በሲንጀር መኪና ልብስ ይሰፋሉ፤ ሃያ ዓመት ብቻቸውን የተቀመጡበት በረንዳ ነው።

ገና እንደገባች የነገሯት አንድ ነገር ነበር። «ልጄን ለስደት የገፋሽው አንቺ ነሽ።» ከዚያ ወዲህ ከደንበኞቻቸው ጋር የሚያወሩት በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና ብቻ ሆነ። ቋንቋውን አትሰማም። ስሟ ተነሥቶ ሳቅ ሲከተል ግን ይገባታል።

ታኅሣሥ ላይ ወይዘሮ ትርፌ የልጇን ቀሚስ ልትወስድ መጣች። የትናየት አጣጥፋ ስታቀብላት ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ ልየው።»

ጠርዙን ገለበጡት። ኦቨርሎኩ ሲጨርስ ትቶት የሚሄደውን የክር ጭራ ያዙ፤ ከአራቱ ክር አንዱን ለይተው ሳቡት። ስፌቱ እየተተረተረ እስከ ወገብ ወጣ።

«ይኸው የፋብሪካ ሥራ» አሉ፤ ይህን እንኳ እንድትሰማው በአማርኛ።

ትርፌ ቀሚሱንም፣ ገና ያልተነካውን ጨርቋንም ሰብስባ ሄደች።

የትናየት ግማሽ ንዴቷ በራሷ ላይ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ጭራውን የሚቋጨው ሌላ ሠራተኛ ስለነበር፣ እሷ በመቀስ ቆርጣ ማለፍ ለምዳለች። ሽማግሌው ይህን አይተው ኖሯል። ቀን ጠብቀው፣ ሰው ጠብቀው ነው የሳቡት። ከዚያ ቀን ጀምራ እያንዳንዱን ጭራ በወፍራም መርፌ ወደ ስፌቱ ውስጥ መልሳ ታስገባ ጀመር።

በሳምንቱ ደግሰው የሚባለው የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ለጥምቀት የሚሆን ሃያ የመዘምራን ቀሚስ ሊያሰፋ መጣ። ቄሱ በኽምጣና ብዙ ነገሩት። ደግሰው አንገቱን እየነቀነቀ ወደ እሷ ዞረ።

«ይተረተራል ይላሉ፣ እኅቴ።»

የትናየት የተዘመዘመ ቁራጭ ጨርቅ አነሣችና አማቷ ጭን ላይ አኖረችው።

«ይሳቡት፣ አባ።»

ሳቡ። እምቢ አለ። ጨርቁን በጉልበታቸው ይዘው በሁለት እጅ ሳቡ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ክሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ቀና ሳይሉ እጃቸው ወደ መቀሱ ሄደ።

«እንዴ፣ ቄስ አሥራተ፤ በመቀስማ ምን የማይፈታ አለ?» አለ ደግሰው።

መቀሱን አስቀመጡት። ጨርቁንም መሬት ላይ ጣሉት። ደግሰው ሃያውንም ለእሷ ሰጥቶ ሄደ።

በማግሥቱ ስትወጣ ሲንጀሩ ተሸፍኗል፤ ክዳኑም ተቆልፏል። ኦቨርሎክ ጠርዝ ይዘመዝማል እንጂ የተዘመዘመውን አጥፎ ቀጥ አድርጎ አይሰፋም። ያን የሚሠራው ሲንጀሩ ነው።

«ቁልፉን ይስጡኝ፣ አባ።»

«መኪናዬ ታሟል።»

«ትናንት ደህና ነበር።»

«ዛሬ ታመመ።»

ከዚህ በላይ አልለመነችም። የሃያውን ቀሚስ ጠርዝ በኦቨርሎክ ዘመዘመች፤ እጥፋቱን በእጇ፣ በመርፌ ትጨርስ ጀመር። ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ነው የሠራችው። እሳቸውም የራሳቸውን ሥራ ትተው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አዩዋት። የጣቷ ጫፍ ሲደማ፣ ነጩን ጨርቅ እንዳይነካ በቁራጭ ጠቀለለችው። ምሳ ስታቀርብላቸው «አስቀምጪው» ይላሉ።

ቀሚሶቹ ለከተራ ደረሱ። በዓሉ አልፎ በሦስተኛው ቀን ኪዳኑ ደወለ።

«አባቴን አስቀየምሽው አሉ። ይቅርታ ጠይቂው።»

«ማን አለህ?»

«እሱ ራሱ።»

«እንግዲያውስ የሲንጀሩን ቁልፍ የት እንዳደረጉት ጠይቃቸው» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ገበያው ዳር ምስራቅ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ከሱቋ የመሥሪያ ጥግ ሰጠቻት። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ኦቨርሎኩን ከነጠረጴዛው ግራና ቀኝ ይዘው በረንዳውን አቋረጡ። መተላለፊያው ጠባብ ነው። ቄስ አሥራተ ማርያም ዳዊታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እግራቸውን ሰበሰቡላቸው፤ ቀና ግን አላሉም።