ለልጅ ይቅርታ ሲጠየቅ

ሰውየው ለሃያ ዓመት የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን ተቆጣጣሪ ነበር። ያንን ሥራ ትቶ፣ ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ልጆች በሚኖሩበት ቤት ተንከባካቢ ሆኖ ሲቀጠር፣ «ልጅ ያው ልጅ ነው፤ ጠበቅ ካላደረጉት ይበላሻል» ባይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምግቧን ትታ ስትተክዝ አየና ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። ልጅቷ ጮኸች። ሳህኗን ከግድግዳው ጋር አላተመችና ሮጣ ደረጃው ሥር ተወሸቀች።

«ነይ ውጪ! ልክ ባላስገባሽ!» ብሎ ሊከተላት ሲል የቤቱ ኃላፊ ክንዱን ያዙት። ምንም ነገር የማያስቸኩላቸው ሴት ናቸውና ልጆቹ «እማማ ቀስታ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ከልጅቷ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው፣ «እህህ» እያሉ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ሰውየው በልቡ «ጉድ እኮ ነው! ሳህን ለሰበረ አጃቢ ይቀመጥለታል» አለ። አርባ ደቂቃ አለፈ።

«መቼ ነው የምታባርሩኝ?» አለች ልጅቷ። «ከስድስት ቤት እንዲህ ነው የወጣሁት።»

«ሳህኑስ ተሰብሯል፣ እንጥለዋለን» አሉ እማማ ቀስታ። « አንቺን ግን የት አባታችን እንጥልሻለን?»

ከደረጃው ሥር ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ተሰማ።

ከዚያ ሰውየውን ለብቻው ጠሩት። «እየተመታች ያደገች ልጅ ናት። ከኋላ የመጣ እጅ ሁሉ ዱላ ይመስላታል። ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት።»

«እኔ? ለልጅ?»

«እኛ ካልጠየቅናት ከማን ትማረው?»

ሄዶ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለ። ያን ሁሉ ተማሪ ያንቀጠቀጠ አፍ ተሳሰረ። «ልጄ... ሳልነግርሽ ነካሁሽ። አጥፍቻለሁ።»

ትልቅ ሰው «አጥፍቻለሁ» ሲላት የመጀመሪያዋ ነበር። ትክ ብላ አየችው። «ሁለተኛ ከኋላዬ እንዳይመጡ።»

«አልመጣም።»

ነገሩ ባንድ ጀምበር አልተቃናም፤ ሌላ ሁለት ሳህንና አንድ መስኮት ተሰበረ። በተሰበረ ቁጥር እማማ ቀስታ ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰውየውም እያደር አጠገባቸው መቀመጥ ጀመረ። በስምንተኛው ወር ልጅቷ ፊቷ ፍም መስሎ ከትምህርት ቤት ገባችና ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ ተናድጃለሁ። የሆነ ነገር ልሰብር ነበር፤ ግን መጀመሪያ ልንገርዎት ብዬ ነው።»

ወንበር ሳበላት። እስከ እራት ድረስ አዳመጣት።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ስቆጣ» አላቸው በኋላ ለእማማ ቀስታ፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ «አንድም ልጅ ተናድጃለሁ ብሎ ነግሮኝ አያውቅም።»