«ምነው አትጮህም?»

«ወንበር ይጨመር እንጂ! ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ?» አሉ አጎቷ።

የአውቶብስ ሾፌሯ በአንድ እጇ ሁለት ወንበር፣ በሌላው የሻይ ትሪ ይዛለች። ሦስተኛ እጅ ከየት ታምጣ? እህቷ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ በነዚህ ሦስት ቀናት ቁጭ ብላ ለማልቀስ እንኳ ፋታ አላገኘችም። የሚመጣው ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ይላታል፣ ቀጥሎ ስኳር ይጠይቃታል።

የከተማ አውቶብስ ስትነዳ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቁጡ ናት፤ ይህን ሰፈሩም መናኸሪያውም ያውቃል። ዘመድ ግን ከዚያ አልፎ የሚያውቀው ነገር አለ። ትጮሃለች፣ በር ትደረግማለች፣ ከዚያ ጸጸት ይበላትና ይቅርታ ልትጠይቅ ስትመለስ የተባለችውን ሁሉ እሺ ብላ ትሄዳለች። ስለዚህ ማንም አይከራከራትም። «ትጩህ፣ ይውጣላት» ይባላል፤ አለቀ።

አሁንም ነገር እየተጎነጎነ እንደሆነ ገብቷታል። የአባቷ ዓይን ማየት ካቆመ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ከእሳቸው ጋር እየኖረች የምትረዳቸው ሟቿ ነበረች። ጓዳ ውስጥ ሹክሹክታው አያልቅም።

«ያው እሷ ናታ! ባል የላት፣ ልጅ የላት።»

«አውቶብሱን ትተወዋ!»

አውቶብሱን ትተወዋ! አሮጌ ጫማ መሰላቸው እንዴ? ያንን መሪ ለመጨበጥ ሁለት ጊዜ ፈተና ወድቃ በሦስተኛው ነው ያለፈችው። በዚህ ዓለም «የራሴ» የምትለው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከልብስ ፋብሪካው ስድስት ሴቶች መጡ። እህቷ እዚያ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ስፌት በጣቷ እየዳሰሰች፣ የዘለለ ክር ስትፈልግ ነበር የምትውለው። ሴቶቹ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና ጸጥ አሉ። ደቂቃ አለፈ። ሌላም አለፈ።

«ደክሟቸው ነው ወይስ ሃይማኖታቸው ነው?» አሉ አጎት በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታቸው ግን እስከ ውጭ በር ይሰማል።

በዕድሜ ጠና ያለችው ዓይኗን ገለጠች። «በምሳ ሰዓት እንዲህ ታስቀምጠን ነበር። አሥር ደቂቃ። ‹ትንፋሻችሁን ብቻ አስተውሉ፤ ሐሳብ ሲመጣ አትግፉት፣ አትከተሉት› ትለናለች። መጀመሪያ ስቀንባታል። የእኔ ምላስ ባሌ ሲቆጣ ይታሰር ነበር፤ አንድ ቀን ግን ‹ሰምቼሃለሁ፤ ግን አልስማማም› አልኩት። ደንግጦ ቁጭ አለ!»

ሌሎቹ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

ሾፌሯም ስቃባት ነበር። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቤት፣ እህቷ ሽንኩርት እየላጠች «አንቺ ትጮሂያለሽ እንጂ ተናግረሽ አታውቂም» አለቻት። «ስትጮሂ እኮ ሥራ ታቃልይላቸዋለሽ። እስቲ ንዴትሽ ሲመጣ ሰውነትሽ ላይ የት እንዳረፈ እዪው። መንጋጋሽ ላይ ነው? ትከሻሽ ላይ? መጀመሪያ እዪው፣ ከዚያ ተናገሪ።»

«ጊዜ ያለው ይየው!» ብላት በሩን ደርግማ ወጣች። በአምስተኛው ቀን የእህቷ ልብ ቆመ። ለእህቷ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይህ ነበር።

ሴቶቹ ተሰናብተው እንደወጡ አጎት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ዛሬም ሲናገሩ የተማሪ ሰልፍ ፊት የቆሙ ይመስላቸዋል።

«መቼም አባትሽን ሜዳ ላይ አንጥልም። ሰኞ ሥራሽን ትለቂና እዚህ ትገቢያለሽ። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ወንድሟ መሬት መሬት አየ። አባቷ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ጩኸቱን ጠበቀ፤ አክስቷማ ብርጭቆዎቹን ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ መሃል አሸሸች።

ንዴቱ መጣ። መንጋጋዋ ላይ ነበር። አየችው። ወደ ትከሻዋ ወረደ፤ እዚያም አየችው። እግሯ ወለሉን ረግጧል፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ተነፈሰች፣ ደገመች። ንዴቱ ንቅንቅ አላለም፤ መሪውን የያዘችው ግን እሷ ነበረች።

«አለቅም» አለች ቀስ ብላ።

«ምን አልሽ?»

«ሥራዬን አለቅም። አባባ እኔ ጋ ይገባሉ። ጠዋት ስነዳ ወንድሜ አብሯቸው ይሆናል። ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ እርስዎ ይመጣሉ።»

«እኔ?!» አጎት የተታለሉ ያህል ወደ አክስቷ ዞሩ። «ምነው አትጮህም?»

«ደክሟት ይሆናል» አለች አክስቷ።

«አልደከመኝም። ተናግሬ ጨርሼ ነው።»

ወንድሟ ቀና አለ። «ጠዋት እችላለሁ» አለ። አጎት ማክሰኞና ሐሙስ ምን እንዳለባቸው ለማስታወስ ሞከሩ፤ ምንም አልነበረባቸውም።

አባቷ ተነሡ። «በይ ልጄ፣ ነፋስ ልቀበል፤ ወደ ውጭ ውሰጂኝ» አሉና እጃቸውን በለመዱት ከፍታ ዘረጉ። ሟቿ ከእሷ አንድ ስንዝር ትረዝም ነበር፤ እጃቸው ያንን ትከሻ እየፈለገ አየር ላይ ቀረ።

ሾፌሯ «ዝቅ ያድርጉት» ማለት አቃታት። ጠጋ ብላ በእግሯ ጣቶች ቆመች፣ እጃቸው ትከሻዋ ላይ እስኪያርፍ ጠበቀች፤ እንደዚያው በጣቶቿ እየረገጠች እስከ በሩ ድረስ ወሰደቻቸው።